የሰሜኑ ሰፈር ቀያሽ

በማዘጋጃ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው ቀያሽ ቀጭንና ቀጥ ያለ ሰው ስለሆነ ባልደረቦቹ «ችካል» ይሉት ነበር። አይከፋውም። «ችካል እንኳ የተከሉት ቦታ ይገኛል፤ እናንተን በሥራ ሰዓት ማን ያገኛችኋል?» ይላቸዋል።

የሰሜኑን ሰፈር ከባዶ ሜዳ የሸነሸነው እሱ ነው። ትምህርት ቤቱን ሜዳው በሰፋበት በሰሜኑ ዳር፣ ጤና ጣቢያውን ዋናው መንገድ ዳር፣ የውሃ ቦኖውን ለሁሉም በሚቀርብበት ቦታ አደረገ። ባሏ የሞተባትን ታናሽ እህቱንም «ነፋሻ ነው፣ ለልጆችሽ ይስማማቸዋል» ብሎ መጨረሻው ረድፍ ላይ ቤት አሠራት።

ነፋስ ከሰሜን በኩል የሚያመጣው የበረሃ አሸዋ መጀመሪያ በበር ሥር እየሾለከ ነበር የሚገባው። ሴቶቹ ጠርገው ይደፉታል፣ በማግስቱ ይመለሳል። በሦስተኛው ዓመት የትምህርት ቤቱን አጥር ዋጠው፤ ተማሪዎቹ በሩን ትተው በአጥሩ ላይ እየተራመዱ መግባት ጀመሩ። ቀያሹ ልቡ ፈራ። የከተማው ግንባታ ወደ ደቡብ እንዲዞር፣ በሰሜን በኩል ዛፍ እንዲተከል፣ አዲስ ቦታም እንዳይሰጥ አራት ገጽ ጽፎ ለኃላፊው አቀረበ።

ኃላፊው አገላብጦ መለሰለት። «ፕላኑ ለአሥር ዓመት ጸድቋል። ገና ሰባት ይቀረዋል።»

«አሸዋው እኮ ፕላን አያነብም፣ ጌታዬ።»

«አንተ ሥራህን ሥራ።»

ሥራውን ሠራ። በዚያው ዓመት እዚያው ሰሜን ላይ መቶ አርባ ቦታ ሸንሽኖ አስረከበ። ኋላ እንቅልፍ የነሳው ይሄ ነበር።

ጤና ጣቢያው ተዘጋ፣ ቦኖው ደረቀ። በመጨረሻ የዳርቻው አራት ረድፍ ቤቶች እንዲነሱ ታዘዘ፤ ምልክት አድራጊው ደግሞ ቀያሹ ሆነ። አንድ ጣሳ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ከቤት ቤት ዞረ። የሰደበው አለ፤ በሩን የዘጋበትም አለ።

እህቱ በጓሮ በኩል ወጣች። የፊቱ በር በአሸዋ ከተደፈነ ሰንብቷል።

«ወንድም ጋሼ፣ ለኔም መጣህ?»

«ትእዛዝ ነው፣ እህቴ።»

«ያኔ እዚህ ሥሪ ስትለኝስ የማን ትእዛዝ ነበር?»

ብሩሹን ከእጁ ወሰደችና ግድግዳዋ ላይ ራሷ ኤክስ አደረገችበት። «በል ሂድ፣ ጎረቤቶቼ ይጠብቁሃል» አለችው።

ለተነሱት ሰዎች ተለዋጭ የተባለው ቦታ ችካል ተተከለበት እንጂ ውሃም መንገድም አልደረሰውም። ሰው በየዘመዱ ተበተነ። እህቱም ልጆቿን ይዛ ሌላ ከተማ፣ የባሏ ወንድም ዘንድ ገባች። ቀያሹ ሦስት ጊዜ ደወለ። ሦስቱንም ጊዜ ያነሳችው ትልቋ ልጇ ናት፤ «እማዬ የለችም፣ አጎቴ» ትለዋለች፤ ከኋላዋ የእህቱ ሳል ይሰማል። ከዚያ መደወሉን ተወ።

ባለፈው ወር ካርታው ይስተካከል ተባለ። ቀያሹ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ አራቱን ረድፍ አንድ በአንድ ፋቀ። በምትካቸው፣ በዚያ በሚታወቅበት ቆንጆ የእጅ ጽሑፉ፣ «ክፍት ቦታ» ብሎ ጻፈ። ኃላፊው ፈረመበትና ሳይቀመጥ ሌላ ሥራ ሰጠው፦

«ሰኞ ደግሞ አምስተኛውን ረድፍ ለካልኝ፤ አሸዋው ደርሶበታል።»

«እሺ» አለ ቀያሹ፤ ሜትሩን ሊፈልግም ወጣ።