«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት» ያለችው ሴት

ይህን ለባሌም፣ አብረውኝ ለሚጸልዩትም ነግሬ አላውቅም። ጉባኤ ፊት ቆሜ ስለ ብዙ ኃጢአቴ ተናግሬያለሁ፤ የተናገርኩት ሁሉ ግን ሰው «ጌታ ይመስገን» ብሎ የሚያልፈውን ነው። ይህኛውን ደብቄያለሁ። እኔ አንዲትን እናት በቁሟ ቀብሬያለሁ።

አርባ ምንጭ ተመርቄ ሥራ አጥቼ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ሴቻ በሚባለው የከተማው ክፍል ያለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ከውጭ ለሚመጡ በጎ ፈቃደኞች አስተርጓሚ ሲፈልግ እኔን ወሰደኝ። ጋሞኛ አፌን የፈታሁበት ነው፤ እንግሊዝኛዬም ደህና ነበር። ከእንግዶቹ መካከል ክላራ የምትባል ጡረታ የወጣች መምህርት ነበረች። ደግ ናት። ክረምት በመጣ ቁጥር እየመጣች ልጆቹን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታስተኛለች። ከሁሉም አስቴርን ትወድ ነበር፤ ገና አፏን በደንብ ያልፈታች፣ ካዘሏት የማትወርድ ሕፃን።

የማሳደጊያው ኃላፊ ለእንግዶቹ «እናትም አባትም የላትም» ብሎ ነግሯቸዋል። አባቷ በእርግጥ ሞቷል። እናቷ ግን ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ስትገባ «እስክድን ያዙልኝ» ብላ ነው ያስቀመጠቻት። ማሳደጊያው ውስጥ የምንሠራ ሁሉ እናውቃለን። እኔም አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እናቷ መጣች። አማረች ትባላለች። ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር ነው የወረደችው፤ ፖም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። አማርኛ አትችልም። ክላራ አስቴርን አቅፋ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ስለነበር ሴትየዋ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። አማረች በጋሞኛ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ድኛለሁ። ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት። እግዜር ይስጥልኝ በያት» አለች።

«አክስቷ ናት» አልኩ እኔ። «እናቷ ከሞተች ወዲህ አላየቻትም፤ ልትጠይቃት ነው የመጣችው። ስላሳደጋችሁልን አመሰግናለሁ ትላለች።»

ማን አዘዘኝ? ማንም። ኃላፊው እንኳ በቦታው አልነበረም። ክላራ ወደ ሀገሯ ልትወስደኝ፣ ትምህርቴን ልታስቀጥለኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። ልጅቷ እናት እንዳላት ክላራ ካወቀች ተታለልኩ ብላ ላትመለስ ትችላለች ብዬ ፈራሁ። ለልጅቷ ይሻላታል ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ያኔ ልጅቷ ትዝም አላለችኝ። ያሰብኩት ለራሴ ነው።

ክላራ አለቀሰች። ተነሥታ አማረችን በአንድ እጇ አቀፈቻት። አማረች ልጇን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ እኔ መሃል ገባሁ። በጋሞኛ፣ «ትምህርት እስክትጨርስ እኛ ጋ ትቆይ እያሉ ነው። አሁን ከወሰድሻት ለሌሎቹም ልጆች እርዳታው ይቆማል» አልኳት። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች። «የሰው ልጅማ በእኔ ምክንያት አይራብ» አለች። ፖሙን ልጅቷ እቅፍ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ክላራ አስቴርን ለትምህርት ስትደርስ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባቻት። እኔን የትም አልወሰደችኝም። ቃሏን ረሳችው፤ ላስታውሳትም አፈርኩ። እዚሁ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ። አማረች ከተማ በወረደች ቁጥር ፈልጋ ታገኘኛለች። «ደህና ናት፣ እየተማረች ነው» እላታለሁ። ደስ ብሏት ትመለሳለች።

አምና አስቴር ከክላራ ጋር መጣች። ኮረዳ ሆናለች። ጋሞኛ ጨርሶ ጠፍቶባታል። አክስቴን ላግኛት ብላ እንዳስተረጉምላት ለመነችኝ፤ ሦስታችን መኪና ይዘን ወደ ጨንቻ ወጣን። አማረች በሯ ላይ ስታያት ጮኸች፤ ፊቷን፣ አንገቷን፣ እጇን ሳመቻት። «ልጄ፣ ልጄ» ትላለች። አስቴር ምን እንደምትል ጠየቀችኝ። አክስትም ልጄ ትላለችና እንዳለ ተረጎምኩላት።

ከተቀመጥን በኋላ አስቴር ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «እናቴ ምን ትመስል እንደነበር ጠይቂልኝ። እኔ መልኳ አይታየኝም» አለችኝ።

አማረች ደግሞ በሌላ ጎኔ ክንዴን ይዛ፣ «ለምን እማዬ አትለኝም? ተቀይማኝ ነው?» አለችኝ።

አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። «እናትሽ ናት» ማለት ብቻ። አሁንም አልተናገርኩም። ለአስቴር «አንቺን ትመስል ነበር ትላለች» አልኳት። ለእናቷ «ቋንቋው ጠፍቶባት አፍራ ነው» አልኳት። መጀመሪያ ላይ ወጣት ነበርኩ እንበል፣ ችግረኛ ነበርኩ እንበል። አምናስ? አምና ምን አጥቼ ነው? አምና የፈራሁት ለስሜ ብቻ ነው። ለስሜ ብዬ ሁለተኛ ቀበርኳት፤ ያውም በገዛ ቤቷ፣ በልጇ ፊት።

ስንሄድ አማረች እስከ መኪናው ሸኘችን። ሁለት እጇን ራሴ ላይ ጫነች። «ልጄን ለዚህ ያበቃሽልኝ አንቺ ነሽ። ጌታ ልጆችሽን ከዓይንሽ አያርቅብሽ» አለች።

«አሜን» አልኩ።

ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ምን እንደበደልኳት አታውቅም። ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ አውቀዋለሁ። መኪና በየቀኑ አለ። አልሄድኩም።