ከአንድ ጎድጓዳ መጠጣት

ኖርዝ ሆሊውድ ከምኖርበት አፓርታማ በእግር የሚደረስ አንድ ቲኪ ባር አለ። ቲኪ ባር የሚባለው የፓሲፊክ ደሴቶችን አስመስሎ በቀርከሃ፣ በሣር ክዳንና በእንጨት ምስሎች ያጌጠ፣ ሩም የሚባል አረቄ ከፍራፍሬ ጭማቂ ጋር እየቀላቀለ የሚሸጥ መጠጥ ቤት ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤቶች በዕድሜ ከእኔ ይበልጣሉ። ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ የቀሩት ግን በፈረንጆቹ 2010ዎቹ አጋማሽ፣ እኔ ባወቅኋቸው ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋ ያስይዙ ነበር።

መጀመሪያ የወሰዱኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ አሮጌ ጨርቃ ጨርቅ እየመረመርሁ ስለምመዘግብ፣ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው በማይገጥም ነገር ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጭምብል የየትኛውም ደሴት አልነበረም፤ የአንዱ አፍ ከሌላው ዓይን ጋር ተገጥሞለታል። ከደሴቶቹ የመጣ ሰው ቢገባ ደስ እንደማይለው ገመትሁ። ቢሆንም ተመልሼ ሄድሁ። ቤቱ መስኮት የለውም፤ ሰዓቱም ሆነ መንገዱ አይታይም፤ ሰው ሁሉ የመጣው ለመቀመጥ ነው። እኔን ይህን ያህል ከተመቸኝ፣ ሌላው ለምን እንደሚመላለስ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የአክስቴ ልጅ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አላት። የኪራይ ውሏ ሊታደስ ሲል ከአጎታችን ጋር ሳይስማሙ ቀሩ። አጎታችን የእናቶቻችን ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡና ያጠራቀሙትን በምግብ ቤቱ ላይ ያዋሉ ሰው። ወጣት ደንበኛ ስለቀነሰ መሶቦቹ ይውጡ፣ ነጭ ጠረጴዛ ይግባ፣ ምግቡም ለየሰው በየሳህኑ ይቅረብ አሉ። በእርግጥም ከፈረንጆቹ ደንበኞች ብዙዎቹ የየራሳቸውን ሳህን ይጠይቃሉ፤ እሷም ታቀርባለች፤ እንግዳ የጠየቀውን መከልከል አልለመደባትም። ሆኖም መሶቡ ከወጣ እኔም አብሬ እወጣለሁ፣ ውሉን አልፈርምም ብላ ቆርጣ ነበር። አጎታችንም ለሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ቤቱን አልረገጡም።

ሁለቱንም ቲኪ ባር የወሰድኋቸው፣ ያረጀ ቤት ሳይታደስ በሰው እንደሚሞላ አጎታችን በዓይናቸው እንዲያዩ ብዬ ነው። ጾም ያልሆነ ቅዳሜ መርጬ፣ ቤቱ ሳይጨናነቅ አመሻሹ ላይ ገባን። አጎታችን ለዓመታት በታክሲያቸው ሰው እያመጡ በሩ ላይ ሲያወርዱ ኖረው ውስጡን አይተውት እንደማያውቁ በመኪና ውስጥ ነግረውን ነበር። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ቆም አሉ።

«መብራት ቆርጠውባቸው ነው?»

«ይቀመጡ እንጂ ጋሼ» አለች የአክስቴ ልጅ። «እኔ ቤት ቢሆን አምፖል ጨምሪ ይሉኝ ነበር።»

በኋላ የምመልሳቸው እኔ ስለሆንሁ ለራሴ የአናናስ ጭማቂ፣ ለእነሱ ቤቱ የሚታወቅበትን መጠጥ አዘዝሁ። ትልቅ የሸክላ ጎድጓዳ መጣ፤ መሐሉ ላይ ትንሽ እሳት ይነድዳል፤ ዙሪያውን ረጃጅም የመምጠጫ ስትሮዎች ተሰክተዋል። አጎታችን ብርጭቆ ጠየቁ። መጠጥ የሚያቀርበው ባርቴንደር በትሕትና፣ ይህ መጠጥ በብርጭቆ እንደማይቀርብ፣ ሌላ ከፈለጉ ግን በደስታ እንደሚያመጣ ነገራቸው። ሽማግሌ ብርጭቆ ጠይቆ ሲከለከል አይቼ አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ራሷ ሄዳ ልታመጣ ተነሣች፤ ክንዷን ይዤ አስቀመጥኋት። እሳቸው ሳይጀምሩ እሷ አትጀምርምና መጠጡ ሳይነካ እሳቱ ጠፋ።

አጎታችን ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉትን አራት ወጣቶች ሲመለከቱ ቆዩ። ወጣቶቹ ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም ሳይቀራቸው ከአንድ ጎድጓዳ ይመጥጣሉ።

«እነዚህ ናቸው አንቺ ጋ ሳህን የሚጠይቁት?»

«እነሱው ናቸው።»

«ከአንድ ትሪ መብላት ያስፈራቸዋል፤ ከአንድ ገንዳ ግን እንደ በግ ይጠጣሉ።»

«ፒክቸርም ያነሱታል፣ ጋሼ።»

አልሳቁም። ባርቴንደሩን በዓይናቸው ፈለጉት።

«ያ ልጅ እምቢ አለኝኮ። ቤቱም ሞልቷል። ሶ፣ እምቢ ማለት ይቻላል ማለት ነው።»

ከዚያ ስትሮውን በሁለት ጣት ይዘው አንድ ጊዜ ሳቡና፣ ስኳሩ እንደበዛ ተናገሩ። የአክስቴ ልጅም ያን ጊዜ ጎንበስ አለች።

ወደ ፌርፋክስ ስንመለስ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ ሰኞ ለጠረጴዛ ሻጩ ደውላ እሳቸው ያዘዙትን ነጭ ጠረጴዛ ካንስል እንድታደርግ ነገሯት። ቀጥለው፣

«ሳህን የጠየቀሽን ግን እምቢ የምትይው አንቺ ነሽ። እኔ አልችልም» አሉ።

«እኔስ መቼ እችላለሁ?» አለች።

ውሉ ተፈረመ፤ መሶቦቹም በቦታቸው ቆዩ። እምቢ የሚል ሰው ግን ጠፋ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሳህኑ እንደ ቀድሞው መውጣቱን ቀጠለ። በኋላ የአክስቴ ልጅ የራሷን መንገድ አገኘች። ሳህን ሲጠየቅ በፈገግታ «ኦኬ፣ መጣሁ» ትልና ወጥ ቤት ትገባለች፤ እንግዶቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው፣ ምግቡም እንዳይቀዘቅዝ ሰግተው፣ ከአንዱ ትሪ መቁረስ እስኪጀምሩ ድረስ አትወጣም።