ሃያ ሦስተኛው ደረጃ ያጣላን ሰሞን

እኔ ቢቸና ፊዚክስ አስተምር ነበር። ታላቅ እህቴ ሞጣ ላይ የፎቶኮፒ ሱቅ ነበራት። አንድ ቀን አንድ ደንበኛዋ ከባሕር ዳር በፍላሽ ያመጣውን የኮምፒውተር ጌም ገልብጣ ለእኔም ላከችልኝ። ባርኔጣ ያደረገ ትንሽ ሰውዬ ይዘላል፣ ሳጥን ይገፋል፣ መላውን ካገኘለት በር ከፍቶ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያልፋል። ሁለታችንም አበድን። እኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ እሷ የሁለት ልጆች እናት ናት።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ እየተደዋወልን ደረጃዎቹን እንመዝን ነበር። ቀላሉን «ቆሎ»፣ ጥርስ የሚፈልገውን «ጥሬ ሽምብራ»፣ የማይቀመሰውን «ድንጋይ» አልነው። እስከ ሃያ ሁለተኛው ተስማማን። ሃያ ሦስተኛው ላይ ተጣላን።

«ድንጋይ ነው» አልኳት።

«ሽምብራ ነው እንጂ። እኔ ካለፍኩት ሰነበትኩ።»

«እንዴት አለፍሽው?»

«ከነገርኩሽማ ምኑን ተጫወትሽው?»

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ሰውዬው ወለሉ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲረግጠው በሩ ይከፈታል፤ ሲለቀው ቀስ ብሎ ይዘጋል። ከበሩ ወዲያ ያለው ግንብ ደግሞ ያለ ሳጥን አይወጣም። ሳጥኑን እየገፋሁ ስሮጥ ሁልጊዜ በሩ ይቀድመኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሞጣ ገባሁ።

«በይ አሳዪኝ» ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እህቴ ሦስት ጊዜ ሞከረች። ሦስቴም በሩ ተዘጋ። አንገቷን ደፋችና፣ «አላለፍኩትም። አንቺ ድንጋይ ነው ስትዪ እልህ ይዞኝ ነው» አለች። መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ሳቁ ቀደመኝ።

አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ያኔ ከእህቴ ጋር ይኖሩ ነበርና ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ይሰሙናል። ወንበራቸውን ስበው ቀረቡ።

«ይህ ሰውዬ ከነጓዙ የሚሮጠው ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«ሳጥኑ ወዲያ ማዶ ያስፈልገዋል፣ አባባ።»

«ታዲያ ጓዙን አያስቀድምም? ያ ቁልቁለት አይደለም እንዴ?»

እኔና እህቴ ተያየን። በእርግጥም ከበሩ በፊት ወለሉ ዘመም ይላል። ሳጥኑን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ገፋ አድርጌ ተመልሼ ቁልፉን ረገጥኩ። ሳጥኑ እየተንሸራተተ ብቻውን አለፈ። ከዚያ ሰውዬው ባዶ እጁን ሮጦ፣ በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ሾልኮ ገባ። የሰበቃን ሕግ ለስንት ተማሪ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እህቴ ወረቀት እስኪበተን ጠረጴዛውን ደበደበችው።

«ቆሎ ነው» አሉ አባታችን። ቆሎ፣ ድንጋይ እያልን የምንመዝነውን ሁሉ ሲሰሙ ከርመዋል ለካ።

«እንግዲያው እርስዎም ይሞክሩት» አለቻቸውና አንደኛውን ደረጃ ከፈተችላቸው። አንዲት ጉድጓድ መዝለል ብቻ ነው። ገቡበት። ደግመው ገቡበት። ጣታቸው የኮምፒውተሩን ቁልፍ ሲጫን ሰውዬው ቀድሞ ወድቋል። በየውድቀቱ «እግዚኦ» ይላሉ፣ እኛ እንስቃለን፣ እሳቸውም መሳቅ ጀመሩና ጥምጥማቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ። ፎቶኮፒ ሊያስነሱ የመጡ ሁለት ሰዎች ጉዳያቸውን ረስተው «አሁን! አሁን ይዝለሉ!» ይሏቸዋል።

ስንት ጊዜ እንደወደቁ አልቆጠርንም። ሲሻገሩ ሱቁ በጭብጨባ ተናጋ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ «ዝም በሉ፣ ሁለተኛው መጣ» አሉን።

የቢቸና ሚኒባስ የዚያን ቀን አመለጠኝ። ወንበሩን ስለማይለቁልን እኔና እህቴ ከኋላቸው ቆመን ዋልን።