«ይለፉ» የተባለው የመንጃ መምህር

ሰውየው የመንጃ መምህር ነበር። ዕድሜውን ያሳለፈው ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ፣ እግሩን ሁለተኛው ፍሬን ላይ አሳርፎ ነው። ከዚያ ወንበር ሳይነሳ ስንቱን ፈሪ ሹፌር አድርጓል፤ ስንቱን ደፋር ደግሞ ከነነፍሱ ወደ ቤቱ መልሷል። ተማሪዎቹም ባልደረቦቹም «ጋሼ» ነበር የሚሉት።

መንገድ ላይ ለጨዋነቱ ወደር አልነበረውም። እግረኛ ገና አስፋልቱን ቀና ብሎ ሲያየው ይቆምለታል። ከጎን መንገድ ብቅ ያለ መኪና ካየ በእጁ «ግባ፣ ግባ» ይላል። ያኛው በተራው «አይ፣ አንተ እለፍ» ካለው ደግሞ አለቀ፤ ሁለቱ እንደ እንግዳና ጋባዥ ሲገባበዙ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን ያጮኸዋል። ሚስቱ ከእሱ ጋር መኪና ውስጥ መግባት የተወችው በዚሁ ምክንያት ነው። ከቤታቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ፀጉር ቤት አላት። «ከአንተ ጋር ከምሄድ በእግሬ ብሄድ ቀድሜ እደርሳለሁ» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ አንድ ጠዋት ተወራርደው ቀድማው ደርሳ፣ ቤቱን ከፍታ፣ ወለሉን ጠርጋ ጠብቃዋለች።

ታዲያ የማሠልጠኛው ባለቤት ለጀማሪዎች መለማመጃ ብሎ ከኮምፒውተር ጋር የሚገጠም መሪና ፔዳል ገዛ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ተማሪዎቹ ግን ሁለት መታጠፊያ ሳይሞላቸው ራሳቸው ይዞር ጀመር፤ አንዷማ ቁርሷን እዚያው ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ባለቤቱ «ይሄን ነገር ከፊቴ አንሱልኝ!» ብሎ ጮኸ። መምህሩ ለዕቃም ያዝናል፤ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰደው። የማሠልጠኛው መካኒክ ቅዳሜ መጥቶ መሪውን ሳሎን ካለው ጠረጴዛ ጋር አጥብቆ አሰረለትና አንድ የመኪና ውድድር ጫነለት።

«ይሄ ስቶክ ካር ይባላል፣ ጋሼ» አለው። «ከላይ ሲያዩት የቤት መኪና ይመስላል፤ ውስጡ ግን አውሬ ነው።»

«ፍሬቻው የቱ ጋ ነው?»

«የለውም።»

«ክላክስስ?»

«እሱም የለውም።»

መምህሩ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለና «መብራት እንኳን አለው፤ ተመስገን» አለ።

«እሱ ስቲከር ነው፣ ጋሼ። የመብራት ሥዕል ለጥፈውበት ነው።»

መምህሩ ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ በጣቱ ነካ አድርጎ አየ። «እሺ፣ መንገዱስ ወዴት ነው የሚወስደው?»

«የትም። እዚያው ይዞራል። ወደ ግራ ብቻ።»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ መምህሩ መሪውን ወደ ማሠልጠኛው ይመልሰዋል ብሎ ያልጠበቀ የለም። እሱ ግን ተቀመጠ፤ አንድ ዙር ዞረ፤ ደገመ። ብቻውን ሲነዳ እጁ እንደ ቅቤ ነው፤ መኪናዋ ግድግዳውን በስስ እየሳመች ትወጣለች፣ ወደ ውስጠኛው መስመር ትወርዳለች። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ላቡ በመላጣው ላይ እየወረደ አገኘችው። «ምን ሆነሃል?» ብትለው «ምንም፤ ትንሽ ልዙር ብዬ ነው» አላት።

መካኒኩ ያለበት ቡድን ነበር፤ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ከየቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት የሚወዳደር። እየነዱ በማይክ ይነጋገራሉ። አብሯቸው እየነዳ የሚዳኛቸው አንድ ድምፁ የማይሰማ ፋርማሲስት ነው፤ የሁሉም መቅሠፍት ደግሞ ቡልዶዘር የሚሉት ሰው። መካኒኩ መምህሩን አስገባው።

የመጀመሪያው እሁድ መምህሩ ከሰልፉ መካከል ተነሣ። ጥቂት ዙር ሄደው ሦስተኛ ላይ እንደደረሰ በመስታወቱ ሲያይ፣ ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ አፍንጫውን እሱ ጭራ ላይ ደቅኗል። «እነዚህ ሰዎች ቸኩለዋል» አለ በሆዱ። ከዚያም እንደ ልማዱ እግሩን ከነዳጁ አንሥቶ ፍሬን ያዘ፣ ቀኝ እጁን ለስክሪኑ እያወዛወዘ በማይኩ «ይለፉ፣ ይለፉ» አለ።

ማንም አላለፈም። ከኋላው ያለው እሱን ላለመንካት ሲጠመዝዝ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ በዚያ ላይ የሱ ተከታይ ወጣ፤ አንዱ በጎኑ ተገልብጦ መጣ፣ አንዱ ኮፈኑን አየር ላይ ትቶ ወረደ። ስክሪኑ በጭስ ተሞላ። ጩኸቱ ጋብ ሲል የቡልዶዘር ጎርናና ድምፅ ተሰማ፦

«ማነው ይሄ ‹ይለፉ› የሚለው?»

ስሙ በዚያው ጸደቀ። ይባስ ብሎ፣ ጉዳቱ ሁሉ ከኋላው ስለነበር «ይለፉ» ራሱ ጭረት ሳይነካው ሦስተኛ ወጣ። ሲያልቅ የተጋጨውን ሁሉ በየተራ ይቅርታ ሲጠይቅ ከውድድሩ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። ተናዶ ውድድሩን ጥሎ የሄደውን ሰው እንኳ በጽሑፍ ተከታትሎ ይቅርታ ጠየቀው።

በማግስቱ ፋርማሲስቱ ደወለለት።

«ጋሼ፣ ሰው እንዲያልፍዎት ፈልገው ነው አይደል?»

«ታዲያስ! ጨዋነት እኮ ነው።»

«አዎ፣ ግን በዚያ ፍጥነት ሰው የሚሄደው እርስዎን አምኖ ነው። ‹ይሄ ሰውዬ መስመሩን ይይዛል፣ ነዳጁንም አይለቅም› ብሎ። ሊያልፍዎት ከፈለገ ማለፊያውን መፈለግ የሱ ሥራ ነው። ጎንዎ ገብቶ ከተሰለፈ ቦታውን አይዝጉበት፤ የሚበቃውን ያህል ይተዉለት። ሌላ ምንም ቸርነት አያስፈልግም። እባክዎ፣ ለማንም ፍሬን አይያዙ።»

መምህሩ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ዕድሜውን ሙሉ «ፍሬን!» ሲል ለኖረ ሰው ከባድ ነገር ነው።

ሚስቱ ቀስ በቀስ የገባችበት ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሶፋው ላይ ሆና ጥፍሯን እየሞረደች ነበር የምትመለከተው። አንድ እሁድ ግን አላስችላት አለ።

«ጎንህ ላይ ነው እኮ! በውስጥ በኩል!»

«አላየሁትም።»

«እኔ ከዚህ አይቼዋለሁ፣ አንተ ከዚያ እንዴት አታይም?»

ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የምታወራው በመስታወት ነው። እጇ አንዷ ፀጉር ላይ ሆኖ፣ ማን በበሩ ገባ፣ ማን ተራ ሊሰርቅ ነው፣ ማን በኩርፊያ ሊወጣ ነው፣ ሁሉንም ሳትዞር ታያለች። ለዚህ ውድድር ደግሞ እንዲህ ያለ ዓይን ነበር የሚያስፈልገው። መካኒኩ «ይሄማ ጠቋሚ ይባላል፤ ትልልቆቹ ሹፌሮች ጆሯቸው ላይ የሚናገር ሰው አላቸው» ሲል ሰማችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯን ከጎኑ አደረገች። «ውስጥ ነው። አሁንም ውስጥ ነው። አለፈ። አሁን ውጭ መጣ። ያዘው፣ ያዘው መስመርህን።» እሱም ያዘ። በየሳምንቱ ከፍ እያለ መጣ፤ ሰዎቹም ጎን ለጎኑ መሄድ ደስ ይላቸው ጀመር። «ከይለፉ ጋር መታጠፊያ መግባት ማለት ከግድግዳ ጋር መግባት ነው፤ አይነቃነቅም» አለ አንዱ። መምህሩ ይህን ሲሰማ ጡት እንደጠባ ሕፃን ፊቱ ወዛ።

ቡልዶዘር ግን ሌላ ፍጥረት ነበር። እሱ ሲቀድም አይቀድምም፤ ያስወግዳል። መታጠፊያ መካከል ላይ የፊቱን መኪና ከኋላ ጎሸም ያደርገዋል፤ ያ ምስኪን ሲሽከረከር እሱ ወደፊት ይላል፤ ከዚያ «ይቅርታ ወንድሜ» ይላል፣ ልክ ጸሎት እንደሚደግም ሰው። ፋርማሲስቱ ከሰልፉ መጨረሻ እንዲነሣ ይፈርድበታል። ቡልዶዘር ግን ከመጨረሻ መነሣቱን እንደ ሽልማት ነበር የሚያየው፤ የሚያስወግደው ሰው ይበዛለታል።

የወቅቱ የመጨረሻ እሁድ ደረሰ። ጥቂት ዙር ሲቀር ቡልዶዘር አንደኛ፣ መምህሩ ሁለተኛ፣ ፋርማሲስቱ ሦስተኛ ሆነው ይከንፋሉ። ትንሽ ቀደም ብሎ መምህሩ ቦታ ለተወለት አንድ ሰው «አመሰግናለሁ» ለማለት ማይኩን ከፍቶ ነበር። መዝጋቱን ረሳ።

«ውጭው ክፍት ነው! ሂድበት!» አለች ሚስቱ።

«ቆይ እስቲ፤ ያየኝ አልመሰለኝም።»

«ቢያይህስ ባያይህስ? ልታስፈቅደው ነው?»

«ድንገት ብመጣበት ይደነግጣል ብዬ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የሚለቅህ ይሄ ነገር? እኔንም ለመጠየቅ ስንት ዘመን ፀጉር ቤቴ ተመላልሰሃል! መላጣህን ይዘህ በየሳምንቱ ‹ልስተካከል› እያልክ! የሚቆረጥ አጥቼ መቀሱን አየር ላይ ሳፋጭ አልነበር?»

«ያኔ እኮ ትንሽ ነበረኝ።»

«ቅንድብ ነው የነበረህ!»

መጀመሪያ አንድ ሰው በማይኩ ሳል የመሰለ ነገር አሰማ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ የቡልዶዘር ሳቅ እንደ ጄኔሬተር ተነሣ። «ወይኔ ቅንድብ! ወይኔ አንጀቴ!» ይላል፤ ሲል ሲል መሪው ከእጁ ሾለከ መሰለኝ፣ መኪናው ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች፣ ግድግዳውን በጎኗ ፋቀችው፣ ከዚያም በጭራዋ ዞራ ሣር ላይ ተቀመጠች።

መምህሩ አንደኛ ሆነ። የመጀመሪያ ሐሳቡ ግን ሌላ ነበር። «ሰውየው ተጎዳ እንዴ?» ብሎ እግሩን ከነዳጁ ሊያነሣ ሲል፣

«ቤቱ ተቀምጧል! ንዳ!» አለችው።

ነዳ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ግን ጠቋሚዋ ራሷ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነበርና፣ ያ ድምፁ የማይሰማ ፋርማሲስት በውስጥ በኩል ሹልክ ብሎ ሲገባ አላየችውም። «ው... ው...» ስትል ፋርማሲስቱ የመጨረሻውን መስመር በአፍንጫ ቀደመው። መምህሩ ሁለተኛ ወጣ።

ቡልዶዘር ወዲያው ክስ አቀረበ። «በሳቅ ነው የተመታሁት! ይሄ ሕገ ወጥ ቅደማ ነው!»

ፋርማሲስቱ ቅጂውን ደጋግሞ አይቶ ፈረደ። መኪና ከመኪና አልተነካካም፤ ሳቅ የሹፌሩ የራሱ ኃላፊነት ነው። ደግሞም ከእንግዲህ ባለትዳር የሆነ ሹፌር ሁሉ ማይኩን ሁለት ጊዜ ያረጋግጥ። «አንተስ ያሸነፍከው ራስህ አይደለህም እንዴ? ዳኛም አሸናፊም?» ቢለው አንዱ፣ ፋርማሲስቱ የራሱንም ጉዳይ መርምሮ ራሱን ነጻ አወጣ።

መምህሩ ማይኩ ክፍት እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው። በኀፍረት ኮምፒውተሩን ከነመሪው በአንሶላ ሸፈነው። ሚስቱ ግን «ምን አፈራለሁ? ውሸት አልተናገርኩ» ብላ ጥፍሯን መሞረድ ቀጠለች።

በዚያው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ቡልዶዘር ነበር፤ ድምፁ ግን ተለውጦ እንደ ተማሪ ለስልሷል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፤ እውነት የመንጃ መምህር ነዎት?»

«ነኝ።»

«መንጃ ፈቃድ ማውጣት ፈልጌ ነበር።»

መምህሩ ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው። «የለህም እንዴ?»

«መንገድ ያስፈራኛል፣ ጋሼ። እዚያ ቢጋጩም ምንም አይደል፤ እዚህ ግን ሰው አለ።»

ማሠልጠኛው ድረስ መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ በበሩ ሲገባ ጎንበስ ይላል። ሙያው የሙሽራ ልብስ ሰፊነት ነው፤ የልኬት ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ ነበር የመጣው። መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ይይዛል። የመጀመሪያው ቀን አደባባይ አፍ ላይ ቆመና አልነቃነቅ አለ። ከኋላ ክላክሱ ደመቀ።

«ምን እየጠበቅህ ነው?» አለው መምህሩ።

«ያ ብስክሌት ይለፍ ብዬ።»

«የቆመ ብስክሌት ነው፤ ባለቤቱ ሱቅ ገብቷል።»

«እሱማ አይቻለሁ፤ ግን ድንገት ቢመጣስ?»

መምህሩ አፉን ከፈተ። ሊወጣ የነበረው «ጎበዝ፣ ጥንቃቄ ጥሩ ነው» የሚል ቃል ነበር። ወደ ኋላ ዞር ብሎ ሰልፉን አየና ግን «አሁን መስመርህን ይዘህ ግባ፤ ሰዎቹ ምን ልታደርግ እንደሆነ ይወቁ» አለው። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ ገባ። «ዓይንህን ክፈት!» አለ መምህሩ፣ እግሩንም ሁለተኛው ፍሬን ላይ አደረገ።

ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው አለፈ። ዛሬ አንዲት ትንሽ መኪና አለችው፤ የተሰፉ ቬሎዎችን ከኋላ ዘርግቶ፣ እንዳይጨማደዱ እያለ ቀኙን ይዞ በዝግታ ያደርሳል። እግረኛ ሲያይ ከሩቅ ይቆማል። ሙሽሮቹ በመዘግየቱ ቢያማርሩም በመንዳቱ ማንም አያማውም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ቡልዶዘር ያው ቡልዶዘር ነው። በቅርቡ አንድ እሁድ፣ መምህሩን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ከኋላ ጎሽሞት ከግድግዳው ጋር አጋጨው። «ይቅርታ መምህር» አለ ሲያልፍ፤ ለሌላው «ወንድሜ» እንደሚለው መሆኑ ነው። መምህሩ ክስ አቀረበ፤ ሚስቱም በምስክርነት ቀረበች። ፋርማሲስቱ ቡልዶዘር በሚቀጥለው ውድድር ከመጨረሻ እንዲነሣ ፈረደበት። የሚቀጥለው ውድድር ግማሽ ሳይሞላ ግን ሚስትየው ወንበሯ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«መጣ ሰውየው» አለች። «ከኋላህ ነው።»