በ«ዝገት» አልበም ላይ የሚያለቅሱት እትዬ አስካለ

ሳን ሆዜ ውስጥ ሱሪ ያሳጠረ፣ ዚፕ ያስቀየረ ሁሉ ወሬው ሳይደርሰው አይቀርም። ላልደረሳችሁ፣ እትዬ አስካለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ሕመማቸው አጭር ነበር። ስፌት መኪናቸው ላይ አንድ እጅጌው ያልተገጠመ ኮት ቀርቷል፤ ባለቤቱ መጥቶ እንዲወስደው እንለምናለን።

በቀብሩ ዕለት ስለ እሳቸው የተነገረው ሁሉ እውነት ነው። በዲቪ የመጣ ሰው ለመጀመሪያ ኢንተርቪው ሲሄድ ልብሱን አስተካክለውና ተኩሰው የሚሰዱት እሳቸው ነበሩ። ሱሪው ጠብቦት የሚያፍር ሰው ሲመጣ «አንተ ምንም አልሆንክም፣ ጨርቁ ነው የጠበበው» ይሉት ነበር። እኔ ግን የምጽፈው ሰው ሲነታረክበት ስለከረመው አልበም ነው። የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። በሥራችን ደንብ የተባለውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እናስተላልፋለን፤ የራሳችንን ስሜት አናስገባም። እዚህም እንደዚያው ለማድረግ እሞክራለሁ።

የተዋወቅነውም በማስተርጎም ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ወዳጆቻቸው ተሰብስበው መጥተው የታላቅ ወንድማቸውን መርዶ ነገሯቸው። ያኔ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። እትዬ አስካለ እንደ ወጉ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ከጎረቤት አንዱ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ደረጃው ላይ አገኘኝና አስተርጉምልኝ ብሎ ይዞኝ ገባ።

«ማን ነው የመታዎት ይላል» አልኳቸው።

«ማንም አልመታኝም። ወንድሜ ሞቶብኝ ነው በለው።»

ነገርኩት። ባርኔጣውን አወለቀና ጥቂት ቃላት ተናገረ።

«በጣም አዝናለሁ ብሏል» አልኳቸው፤ «ሰው እንዳይረበሽ ግን ድምፅዎን ይቀንሱ ብሏል።»

እትዬ አስካለ ወዲያው ዝም አሉ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ለፖሊሱ ውሃ አቀረቡለት። ከዚያ ቀን በኋላ ለወንድማቸው ሲያለቅሱ የሰማ የለም።

ዓመታት አልፈው ቤዛ መጣች። ቤዛ ኦክላንድ የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን ይበልጡን በእንግሊዝኛ ነው። የምትሠራው ሜታል ሙዚቃ ነው፤ ኢንደስትሪያል የሚሉት፣ የፋብሪካ ብረት ድምፅ የተቀላቀለበት፣ አለባበሱም ዜማውም ወደ ጎቲክ ያደላ። ወደ እትዬ አስካለ ስፌት ሱቅ የመጣችው መሬት የሚጎተት ጥቁር ቀሚስ ልታሳጥር ነበር። እኔም ሸሚዜን ልወስድ ገብቼ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሏት።

«ኖባዲ፣ እትዬ። አይ ጀስት ላይክ ብላክ።»

እትዬ አስካለ ቀሚሱን ገልብጠው ስፌቱን አዩ። ሥራዋን ሲጠይቋት ስቱዲዮዋን በስልኳ አሳየቻቸው። ግድግዳውና ጣሪያው በስፖንጅ የተሸፈነ ነው።

«እዚህ ቤት ሰው ቢጮህ ውጭ አይሰማም?»

«ናቲንግ። ጎረቤት አይሰማም፣ ፖሊስ አይሰማም።»

መርፌያቸውን ሰኩና «መቼ ነው ክፍት የሚሆነው?» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኦክላንድ የነዳሁት እኔ ነኝ። ስቱዲዮው በር ላይ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቀዘቁ። ቤዛ ለቅሶውን ብትቀዳው ቅር ይላቸው እንደሆነ አስጠየቀችኝ። «ትቅዳው፣ ዘፈኗም ውስጥ ታግባው። ለቅሶ የሚለቀሰው እንዲሰማ ነው» አሉ። ከመስታወቱ ወዲህ ሆነን አርባ ደቂቃ ያህል አየናቸው። ወንድማቸውን በስሙ እየጠሩ፣ ደብተር እንዴት እንደሚገዛላቸው፣ በሠርጋቸው ቀን ምን ለብሶ እንደነበር እያነሱ አለቀሱ። ሲወጡ «አሁን ቀበርኩት» አሉ። በመንገድ ላይ ያወራነው ስለ ትራፊኩ ብቻ ነው።

«ዝገት» የተባለው አልበም ወጣ፤ የእትዬ አስካለ ለቅሶ ስድስተኛው ዘፈን ውስጥ ገብቷል። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ መኮንን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ ሱቁ መጡ። ጋሽ መኮንን በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አሁን ሳኒቬል የሚኖሩ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። አልበሙን በሙሉ አዳምጠውት ነበር።

«የብረቱን ድምፅ አልጠላሁትም» አሉ። «ሙሾ ግን ለሐዘን ነው እንጂ ለጭፈራ አይደለም። ልጅቷ ከዘፈኑ ውስጥ ታውጣው በያት፣ አስካለ።»

«ሰሚዎቹ ምን እንዳሉ ልስማና ልወስን፣ ጋሼ» አሏቸው።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እሳቸው እየሰፉ እኔ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን ማስተርጎም ጀመርኩ። አንዱ ጊታሩ ሴትየዋን ደፍጥጧታል ይላል። ሌላው አልበሙ ስድስተኛው ዘፈን ላይ ማለቅ ነበረበት ይላል። አንዱ ጥቁር መልበስና መጨለም አሮጌ ፋሽን ነው ብሎ ያፌዛል። ከእኛው ሰዎች አንዷ ሙታንን መጥራት ነው ብላ ጽፋለች፤ የልጇ ጓደኞች እዚያው ሥር አድናቆት በሚገልጸው የእሳት ኢሞጂ ሞልተውታል። አንድ ብረት በያጅ ደግሞ አልበሙን ሥራ ላይ እንደሚሰማው፣ ሴትየዋ ስትገባ ግን መበየጃውን እንደሚያጠፋ ጽፏል። እትዬ አስካለ ይህን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

አንዱን አስተያየት ግን በሙሉ አልነገርኳቸውም። በሁለት ቃል አሳጥሬ «ይኼኛው አልወደደውም» አልኳቸው። መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ሰለሞን፣ ዕድሜዬን ጨርቅ ስለካ ነው የኖርኩት። ጽሑፉ አንድ ክንድ ነው፣ አንተ የነገርከኝ ስንዝር አይሞላም።»

አፍሬ በሙሉ ነገርኳቸው። ሰውየው የጻፈው አሮጊቷ የተቀጠረች ተዋናይ መሆን አለባት፣ ሰው በእውነት እንዲህ አያለቅስም ብሎ ነው። እትዬ አስካለ የያዙትን ሱሪ አጥፈው ጨረሱ።

«እንግዲያ ከዘፈኑ አይወጣም» አሉ በመጨረሻ። «ይኼ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ካወጣሁት የት ይሰማል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ እትዬ፤ የራሴን አልጨምርም።»

ውሳኔያቸውን ለጋሽ መኮንን በአክብሮት ነገሯቸው። ጋሽ መኮንን አልተስማሙም፤ ሱሪያቸውን ማሳጠሩን ግን አላቋረጡም።

በቀብሩ ዕለት የአዳራሹ ኃላፊ ከእኛ ቀጥሎ ሌላ ቀብር እንዳለ ነገረን። ድምፃችን እንዳይሰማ በሶፍት አፋችንን ይዘን አለቀስን። ቤዛ ያንኑ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁላችንም ጋር ተመሳሰለች። ስንወጣ ጋሽ መኮንን ጠጋ አሏት።

«የኔ ልጅ፣ ያ ቤትሽ ቅዳሜ ክፍት ነው?»

«የስ፣ ጋሼ። ሁላችሁም ኑ።»

እትዬ፣ አስተያየቴን ሦስት ጊዜ ጠይቀውኝ ሦስቱንም ጊዜ በሥራዬ ደንብ አመለጥኩ። ይኸውልዎ። ሙዚቃውን አልወደድኩትም፤ ከበሮው ራስ ያሳምማል። ስድስተኛውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም፤ ድምፅዎ ሲገባ ያ ማለዳ ይመጣብኛል። ፖሊሱ ያኔ ያለው «በጣም አዝናለሁ፤ እስኪወጣልዎት ያልቅሱ» ነበር። ድምፅዎን ይቀንሱ አላለም። ጎረቤቶቹን አፍሬ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት ለቅሶዎን ያፈነው ፖሊስ ሳይሆን እኔ ነበርኩ፤ ይህንንም በቁም ሳሉ ለመናገር አልደፈርኩም። ይቅር ይበሉኝ።

ቅዳሜ ኦክላንድ እንሄዳለን። ጋሽ መኮንንም ይመጣሉ፤ ቤዛ በሩን ትዘጋለች። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ። ድምፅ ቀንሱ የሚል አይኖርም።