ወደ ቀኝ የሸሸችው መስመር

በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተባብረው ለሚሠሩት የጌም ሶፍትዌር የላክሁት ኮድ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። «ይሠራል፤ አጻጻፉ ግን ደንባችንን አልጠበቀም» ይሉኛል። አሁንስ ልተወው ነው!

ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ላፕቶፔን ከፍቼ ብፈልግ ብፈልግ ስሕተቱ አልታይ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ከብርዱ የተነሣ ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ በጋቢ የሸፈኑ ቄስ፣ ስክሪኑን አተኩረው ያያሉ። ዳባት ልንደርስ ስንል ጣታቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ይቺ መስመር ከእኩዮቿ ወጥታለች።»

እውነትም ወደ ቀኝ ሸሽታለች። ክው አልሁ።

«አባቴ፣ ኮድ ያውቃሉ እንዴ?»

«ኮዱንስ አላውቀው፤ ጸሐፊውን ነው እንጂ።»

ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉት። በልጅነቴ ብራናውን በወስፌ እያሰመሩ ጽሕፈት ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው! በክርስትና ስሜ ጠሩኝ፤ እንዲህ ከተጠራሁ ስንት ዘመኔ።

«ኃይለ ሚካኤል፣ ዛሬም ስትቸኩል ወደ ቀኝ ትሸሻለህ?»