ትኩሳቱ ሳይወርድ

ዳባት ካለው ወፍጮ ቤቴ የወሰዱኝ ዱቄት እንደለበስኩ ነው። ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው ስሜን ጠየቀኝ፤ ሌላው መልሴን ሳይጠብቅ ክንዴን ያዘ። ጥፋቴ ምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ በስብሰባው ላይ የተናገርከውን አንተው ታውቀዋለህ አሉኝ። አውቀዋለሁ። እውነት ስለነበረ አልረሳሁትም። መኪናው ላይ ስወጣ መነጽሬ ወደቀ፤ ከኋላዬ የነበረው ረገጠው። ይቅርታ አላለም፤ እኔም ስብርባሪውን ለመልቀም አላጎነበስኩም።

ደባርቅ ያሰሩን ድሮ እህል ይከማችበት በነበረ መጋዘን ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች አንዲት ቀዳዳ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ የባልዲ ሽንት፣ የሻገተ ጆንያ። ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው በውስጥ በኩል ውርጭ ይይዛል፤ ስለዚህ ጋቢ ያለው ለሌለው እያጋራ፣ በአንድ ጋቢ ሁለትም ሦስትም ሆነን እንተኛለን። ይህ የአገራችን ደግነት ነው። ቅማሉም በዚሁ ደግነት ከሰው ወደ ሰው ይሄድ ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያነበብኩት ወፍጮው እየዞረ፣ ከወፍጮው አጠገብ ተቀምጬ ነው። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለበት። ያወቀውን ሁሉ ለሌላው ካላስተማረ አያርፍም፤ ያላወቀውን የሚነግረው ግን የለም።

በመጋዘኑ ውስጥ የማያክክ ሰው አልነበረም፤ ቅማል አለብኝ የሚል ግን አንድም አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ መምህር ነበር፤ ቆዳዬ ብርድ አይወድም ይላል። ሌላው የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ነው፤ የጆንያ ብናኝ ነው ይላል። ሁለቱንም ናቅኋቸው። ለእውነት ታሰርን የሚሉ ሰዎች በአንድ ቅማል ሲዋሹ ማየት ያስጠላኝ ነበር። ስለዚህ ሥርዓት አወጣሁ። ጠዋት ፀሐይ ልንሞቅ ወደ ግቢው ስንወጣ እያንዳንዱ ሸሚዙን አውልቆ ይገለብጣል፣ ከስፌቱ ሥር ያለውን ይፈልጋል፣ ያገኘውን በሁለት አውራ ጣቱ ጥፍር ይጨፈልቃል። መጀመሪያ ያወለቅኩት እኔ ነኝ። ቅማል መያዝ አያሳፍርም፣ ማስቀመጥ ነው የሚያሳፍረው ብዬ ሰበክሁ። ነጋዴው የቅማል ሻለቃ የሚል ስም አወጣልኝ። ሻለቃ፣ ዛሬስ ስንት ማረክን እያለ ያስቃል። ቢሆንም ሸሚዙን ያወልቃል። በልቤ ኮራሁ።

ችግሬ ዓይኔ ነበር። ያለ መነጽር ቅማሉን ከስፌቱ አልለየውም። አጠገቤ የሚተኛው ከኮሶዬ ወዲያ የመጣ ገበሬ ነበር፤ ዕድሜው ከሃምሳ በላይ፣ ዝምተኛ፣ እጁን ብርድና ሥራ የሰነጣጠቀው። የወንድሙን ልጅ ፈልገው ሲያጡ እሱን ያመጡት ነው። ገብሱን ሳያጭድ ነው የወጣው። ስደናበር አየኝና ሸሚዜን ከእጄ ወሰደ። «ያምጡት፣ እኔ ልቀምልልዎ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የራሱን ከጨረሰ በኋላ የእኔን ይይዛል። ከሁላችን የሚተጋው እሱ ነበር።

አንድ ጠዋት መነሣት አቃተው። ራሱን ፈለጠው፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ከዳው፣ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ። በሦስተኛው ቀን የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ አፍንጫውም ደማ። የጤና ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ተጠርቶ መጣ። ከበሩ አላለፈም። ሳይነካው ታይፎይድ ነው አለና ክኒን ወርውሮ ሄደ። በእኛ አገር ያተኮሰው ሁሉ ታይፎይድ ነው፣ ወይም ታይፈስ ነው፣ ወይም ሁለቱም አሉብህ ተብሎ ይሸኛል። እኔም በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ተብያለሁ፤ ስለዚህ አልተከራከርሁም። ጤና ጣቢያ ውሰዱት ብለን ለመንን። የመጋዘኑ አዛዥ በእግሩ መሄድ ከቻለ ይሂድ፣ ለአንድ ሰው መኪና አላወጣም አለ። በእግሩ መሄድ የሚችል ሰው ምን ሊያደርግ ጤና ጣቢያ እንደሚሄድ የጠየቀው የለም።

በአምስተኛው ቀን ላብ አጠመቀው። የተኛበት ጆንያ እስኪርስ አላበው፤ ከዚያ ሰውነቱ ቀዘቀዘ። በማግሥቱ ተቀምጦ እንጀራ ጎረሰ። ማርያም ማረችው አልን። አሁን መራመድ ስለቻለ አዛዡ ቃሉን ጠበቀ፤ ጤና ጣቢያ ላከው። ደሙ ታየ፤ ንጹሕ ነው ተባለ።

አዛዡ ይህንን ሊነግረን ራሱ መጣ። አፍንጫውን በፎጣ ሸፍኖ ከበሩ ቆመ። «ደምህ ከኔ ደም ይሻላል» አለው ገበሬውን። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ድራማ ብትሠራ እውነተኛውን በሽታ አሳይሃለሁ።» ጠባቂዎቹ ሳቁ። ገበሬው መሬት መሬት ያይ ነበር። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሮ በለሆሳስ፣ «ታምሜ ነበር እኮ። አይደለም እንዴ?» አለኝ። ነበሩ እንጂ አልኩት። የበሽታውን ስም ግን አላውቀውም ነበርና ቃሌ ብዙም አልረዳው።

ሳምንት ያህል ደህና ሰነበተ። ከዚያ በአንድ ረፋድ ያው ትኩሳት እንዳለ ተመለሰ። ዓይኑ እንደገና ቢጫ ሆነ። ያን ቀን ጠባቂ የጠራ ሰው አልነበረም፤ ገበሬው ራሱ አትጥሩ አለን። ድራማ ነው ከሚሉኝ ዝም ብዬ ልሙት ማለቱ ነበር፤ ቃሉን ባይናገረውም።

ያው ዕለት የስንቅ ቀን ነበርና ልጄ መጣች። በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ይህን ሙያ ስትመርጥ የሰው ሰገራና አክታ ስታዪ ልትኖሪ ነው ወይ ብዬ አንድ ወር አኩርፌያት ነበር። ልጆቼን አንቱ እንዲሉኝ አድርጌ ነው ያሳደግኋቸው፤ እሷም ከሽቦ አጥሩ ወዲያ ቆማ እንኳ ከዚያ ዝንፍ አላለችም። ጠባቂው በወጡ ውስጥ ጣቱን እያዞረ ሲፈትሽ፣ እኔ ስለ ገበሬው ነገርኳት። አላዘነችልኝም። እንደ በሽተኛ ጠየቀችኝ።

«ትኩሳቱ በስንተኛው ቀን ለቀቀው?»

«በአምስተኛው። በላብ።»

«ስንት ቀን ደህና ሆነ?»

«ሳምንት ቢሆን ነው።»

«ቅማል አለባችሁ?»

ለሰው ሁሉ የሰበክሁት ሰውዬ ለልጄ አለብን ማለት ከበደኝ። አለብን አልኳት።

ከዚያ ዝግ ብላ አስረዳችኝ። ታይፎይድ ቀስ በቀስ ነው የሚገባው፣ ገብቶም እንዲህ በአንድ ቀን ላብ ወጥቶ በሳምንቱ አይመለስም አለች። ታይፈስም ቢሆን ከቅማል ይምጣ እንጂ እንዲህ ሄዶ መጥቶ አይጫወትም። ይኸኛው ትኩሳት ግርሻ ነው። ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ተጠማዘዘ ቀጭን ክር ነው፤ በደሙ መካከል እየተሽከረከረ ይዋኛል፤ አንድ ጊዜ ያየው አይሳሳተውም። ግን የሚታየው ሰውዬው ሲያተኩስ ብቻ ነው። ላቡ ከወጣ በኋላ ይሰወራል። ባለፈው ደሙን ያዩት ከተሰወረ በኋላ ነው።

«ዛሬ ይወሰድ፣ አባባ። ትኩሳቱ ሳይወርድ። ሁለተኛውን ዙር የማይችሉት አሉ።»

ልሄድ ስል አስቆመችኝና ቅማሉን በምን እንደምንገድለው ጠየቀችኝ። በጥፍር፣ በየጠዋቱ፣ ሥርዓት አውጥቼ አልኳት። የሚያስመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ሰበረች።

«የሚያስይዘው ንክሻው አይደለም» አለችኝ። «ባክቴሪያው ቅማሉ ሰውነት ውስጥ ነው ያለው፤ መውጫ የለውም። ሲጨፈለቅ ነው የሚወጣው። በተሰነጠቀ ጣት፣ በታከከ ቆዳ ይገባል። ከእንግዲህ አይጨፍልቁት፤ ልብሱን ይቀቅሉት።»

ወደ መጋዘኑ ስመለስ የገበሬውን አውራ ጣቶች አየሁ። የነቃቃው ቆዳ እስከ ሥጋው ድረስ ክፍት ነበር።

አዛዡን ላነጋግር ጠየቅሁ። ቢሮው የድሮው ሚዛን ቤት ነው። ከጠረጴዛው ርቄ እንድቆም በእጁ አመለከተኝ። የልጄን ነገር ሳልጠቅስ የበሽታውን ምልክት ሁሉ ዘረዘርሁለት። አንተ የነበረህ ወፍጮ ቤት ነው ወይስ ሐኪም ቤት አለኝ። የሰማውን ግን ሰምቶታል፤ ቅማል የሚለው ቃል አስደንግጦታል። ሰው መሞቱ አይደለም ያስፈራው፤ በእሱ ቤት ቅማል አለ ተብሎ ወደ ላይ መጻፉ ነው። በዚያች ሰዓት ከባክቴሪያው ጋር አስተያየሁት። ባክቴሪያው ቢያንስ ጊዜውን ያከብራል፤ በአምስት ቀኑ ይወጣል፣ በሳምንቱ ይመለሳል። የዚህ ሰው ግን ምኑም አይታወቅም።

ወረቀትና ብስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ። «ቅማሉን ከቤቱ ይዞት እንደመጣ፣ ንጽሕና እንደማይጠብቅ ጻፍና ፈርም» አለኝ። «አሁኑኑ መኪና አዛለሁ።»

ብስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። ገበሬው ወረቀቱን አያየው፣ ማንበብም አይችል። አንድ መስመር ነው። ግን ይህ ሰው አንድ ጊዜ አስመሳይ ተብሏል፤ አሁን ደግሞ በእኔ እጅ ቆሻሻ ሊባል ነው፣ ያውም የእኔን ቅማል ሲገድል በያዘው በሽታ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ቅማሉ እዚህ መጋዘን ውስጥ ነበር። በጥፍር ጨፍልቁ ብዬ ያዘዝኩ እኔ ነኝ። በሽተኛው የእኔን ሸሚዝ ቅማል በጣቱ ሲገድል ከረመ። በሽታውን ያዛመትኩት ባለማወቅ እኔ ነኝ። ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ይህን አልቀበልም ቢለኝ ኖሮ የእሱን ውሸት እፈርም ነበር። ይህን ሳልናገር የቀረውን ብቻ ባወራ ራሴን ጀግና ማድረግ ይሆናል።

አዛዡ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ጥፋተኛ ይፈልግ ነበር፤ አገኘ። ፊቱ ፈታ አለ። «አየህ፣ ጥፋቱ የእስረኛ ነው» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈበትና ወረቀቱን ፋይሌ ውስጥ ከተተው። ቅማሉ በእሱ ቤት እንደነበረ በገዛ ማኅተሙ መዝግቦ እንዳስቀመጠ ልብ አላለም። እኔም አላስታወስኩትም።

ገበሬውን እየነደደ በጋቢ ተሸክመን መኪናው ላይ አወጣነው። በማግሥቱ አብሮት የሄደው ጠባቂ ሲተርክ ሰማሁ። ደሙን ያየችው ነርስ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጋ ወዲያው ጓደኞቿን ጠራች፤ ደሙ በባክቴሪያው ሞልቶ ነበር። መርፌ ሲወጉት እጅግ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ጠባቂው ሞተ ብሎ ሊያመለክት ነበር፤ ሲነጋ ግን በረደለት። በዚያው ሰበብ ለሁላችንም መድኃኒት መጣ፣ ልብስ መቀቀያ በርሜልም ተፈቀደ።

መኪናው እንደሄደ ግን፣ ይህ ሁሉ ሳይታወቅ፣ ሰዎቹን ሰብስቤ ተናገርኩ። ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው፤ ገበሬውን ያሳመመው የእኔ ትእዛዝ ነው፤ ማናችሁም ከእንግዲህ በጥፍር እንዳትገድሉ፣ ልብሱ ይቀቀል አልኳቸው። ነጋዴው፣ ሻለቃው እጅ ሰጠ እንዴ አለ። የሳቀለት አልነበረም። መምህሩ ሸሚዙን አወለቀና ለመቀቀል ይሁን ብሎ መካከል ላይ ጣለው። ቆዳው ብርድ እንደማይወድ አልነገረንም።

ገበሬው በሦስተኛው ቀን ከስቶ ተመለሰ። ሲገባ ተነሥቼ ቆምኩ። ተቀምጦ የሚነገር ነገር አልነበረም። ያሳመምኩዎ እኔ ነኝ፣ በእኔ ሸሚዝና በእኔ ትእዛዝ ነው አልኩት። «ባያዙንም እንጨፈልቀው ነበር፤ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚገድለው» አለኝ። ይህን ያለው ሊያቀልልኝ ነው። አመሰገንኩት እንጂ አልተቀበልኩትም።

እሱ ከእኔ ቀድሞ ተፈታ። እኔንም ከወራት በኋላ ክስ ሳይኖረኝ ሂድ አሉኝ። አሁን ወፍጮዬን እሠራለሁ፤ ልጄ ስትናገር አላቋርጣትም። በቅርቡ አንድ የማውቀው የቢሮ ሰው አግኝቶኝ፣ ፋይልህ ውስጥ በሽታ አዛመተ የሚል በራስህ ፊርማ የተጻፈ ወረቀት አለ፣ ለስምህ ጥሩ አይደለም፣ ማመልከቻ ጻፍና አስወጣልሃለሁ አለኝ። ለበጎ ነው ያሰበው። ስለ እኔ ሌሎች የጻፉት ብዙ ወረቀት አብሮ እንዳለ አውቃለሁ፤ አብዛኛውን አላየሁትም፣ የሰማሁት ግን ውሸት ነው። ያንን አውጣልኝ አላልኩትም፤ አያወጣውም። ይህንን ግን እንዳይነካብኝ ነገርኩት። በዚያ ፋይል ውስጥ እውነት የሆነው እሱ ብቻ ነው።